አዲስ ገቢ ተማሪና የክትባት ካርድ

በየዓመቱ የምደባ ወሬ ከተሰማ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የጥሪ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ማስታወቂያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው በቃሉ ሊወጣው ይችላል። የ8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ዋናውና ቅጂው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ቅጂው፤ ጉርድ ፎቶግራፍ፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። ይህ ሁሉ የሚያስፈልግ ነገር ስለሆነ አልነቅፈውም። የደጋ ብርድ በአንሶላ ብቻ እንደማይመለስ እኔም ቀምሼ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ካነበብኳቸው አያሌ የጥሪ ማስታወቂያዎች ውስጥ «የክትባት ካርዳችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» የሚል አንድም መሥመር አላገኘሁም።

እስቲ አንባቢ የመግቢያውን ቀን በዓይነ ኅሊናው ይመልከተው። የጋምቤላው ልጅ ደብረ ብርሃን ይመደባል፤ የሐረሩ ጎንደር፤ የአሶሳው ዲላ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጨናንቆ የመጣው ወጣት ሻንጣውን ተደራራቢው አልጋ ሥር አስገብቶ፣ ከዚያ ቀን በፊት አይቷቸው ከማያውቃቸው ጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። በማግሥቱ በአንድ ኩባያ ውኃ ይጠጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን ከቤት የመጣው ድርቆሽ ተፈትቶ በአንድ ሳሕን እየተጐራረሱ ይበሉታል። ፍቅር የሚጀመረው በዚህ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ልጅ ከየወረዳው ይዞት የመጣው ድርቆሽ ብቻ አይደለም፤ በጉሮሮውና በአፍንጫው ያለውንም ረቂቅ ተሕዋስ ጭምር ይዞ መጥቷል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ሐኪሞች ከ2,500 የሚበልጡ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ጉሮሮ እየጠረጉ መርምረው ነበር። የማጅራት ገትር በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ ይዘው የተገኙት በመጀመሪያው ቀን ከተመረመሩት ውስጥ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ከተመረመሩት ግን ከ100ው 23ቱ ይዘውት ተገኙ። አራት ቀን! መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ገና ሳያጠና ተሕዋሱ ሕንፃውን አጥንቶ ጨርሶታል ማለት ነው።

ተሕዋሱን በጉሮሮው የያዘ ሁሉ አይታመምም። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ተሸክሞት ይከርምና ይጠፋል። ክፉው ነገር አልፎ አልፎ በአንዱ ላይ ወደ ደም ወይም ወደ አንጐል ሽፋን የገባ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ጠዋት «ራሴን አመመኝ» ብሎ ከክፍል የቀረ ልጅ ማታ አንገቱ ደርቆ፣ ትኩሳቱ ነዶ፣ አእምሮውን ስቶ ይገኛል። በጊዜ ሐኪም ቤት ደርሶ መድኃኒት ቢያገኝ እንኳ ከ10 ሕሙማን አንዱ ያህል ይሞታል፤ ከሚተርፉትም ውስጥ ጆሮው የሚደነቁር፣ አእምሮው የሚጐዳ፣ እግሩ ወይም እጁ የሚቈረጥ አለ። የመኝታ ጓደኞቹ ፈተና ደርሶባቸው ሌሊቱን ሲያጠኑ ቢያድሩና እርሱ «ብርድ ነው፤ ልተኛበት» ቢላቸው፣ በእኛ ልማድ ብርድ ልብስ ደርበውለት መብራቱን አጥፍተውለት ይወጣሉ። እኔም ብሆን የማደርገው ይኸንኑ ነበር።

ማጅራት ገትር ለእኛ የሩቅ ሀገር በሽታ አይደለም። ከሴኔጋል ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ኢትዮጵያ የሚደርሰውን ምድር ሊቃውንቱ በዚሁ በሽታ ስም «የማጅራት ገትር መቀነት» ብለው ይጠሩታል። ወረርሽኙ የሚበረታው በደረቁና በአቧራማው ወራት፣ ማለት በበጋ፣ ትምህርት በደመቀበት ጊዜ ነው። በሀገራችን በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. የተነሡት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺህዎች የሚቈጠር ሰው አሳምመዋል። ከዚያ በኋላ መልካም ሥራ ተሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ድርጅት ከሕንዱ የሴረም ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው ዋጋው ከግማሽ ዶላር ያነሰ ክትባት አሠሩ፤ በኢትዮጵያም ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በየተራ ዕድሜው ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆነ ሕዝብ ተሰጠ። ውጤቱም ታየ፤ «ኤ» የተባለው ዋናው ገዳይ ዓይነት ከመቀነቱ ምድር ሁሉ ጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ሆነ።

ታዲያ ምን ቀረ? ያ ክትባት የሚከላከለው «ኤ»ን ብቻ ነው። «ሲ»፣ «ደብልዩ»ና «ኤክስ» የተባሉት ወንድሞቹ በቦታው ተተክተው በናይጄሪያና በኒጀር ብዙ ሰው ፈጅተዋል። አምስቱን ዓይነት ባንድነት የሚከላከል አዲስ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት ተመርምሮ ተፈቅዶ በማግሥቱ ዓመት በናይጄሪያ መሰጠት ጀምሯል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው የ18 ወይም የ19 ዓመት ወጣት ያን የ«ኤ» ክትባት ያገኘው ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው፤ ለሌሎቹ ዓይነቶች ግን ምንም ጋሻ የለውም።

ኩፍኝንም እንውሰድ። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው አንዱ መርፌ ከ100 ሕፃናት 85ቱን ያህል ይጠብቃል፤ የቀሩት 15ቱ የተከተቡ መስሏቸው ሳይጠበቁ ያድጋሉ። ይህን ጉድለት የሚሞላው ሁለተኛው መርፌ በሀገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የዛሬው አዲስ ገቢ ተማሪ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን እየተማረ ነበር። በዘመቻ ጊዜ ተጨማሪ መርፌ የተወጋ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የዘመቻ መርፌ ብዙውን ጊዜ በካርድ አይጻፍም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ መከላከያም ከሕፃናቱ ክትባት ጋር የተቀላቀለው በ1999 ዓ.ም. ነው። የዛሬዎቹ ጀማሪዎች የተወለዱት በዚያው ዓመት ግድም ስለሆነ አንዱ አግኝቶት ጓደኛው ሳያገኝ ቀርቷል። የትኛው አገኘ? ካርድ ያለው ሰው ይናገር።

የጆሮ ደግፍ ክትባት ግን ለዚህ ትውልድ በመደበኛው ክትባት ውስጥ አልነበረም። እኔ ራሴ ከተማሪነት ኑሮ ከወጣሁ ገና ብዙ ጊዜ አልሆነኝም፤ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ ግቢ በሁለተኛው ዓመቴ ጆሮ ደግፍ ገብቶ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲሸጋገር አይቻለሁ። መጀመሪያ ሣቅን። ጉንጩ ያበጠውን ጓደኛችንን «ሀብታም መሰልክ» እያልን ቀለድንበት። በሳምንቱ ግን ሕመሙ ወደ ብልቱ ወርዶበት መራመድ እንኳ ተስኖት በጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ ወደ ክሊኒክ ሄደ፤ የተሰጠውም የራስ ምታት ክኒን ነው። የዚያን መንፈቅ ፈተና ሳይፈተን ቀረ። በትልቅነት የሚመጣ የልጅነት በሽታ እንዲህ ያደርጋል።

ሌሎች ሀገሮች ለዚህ ነገር መላ ያበጁት ከተጐዱ በኋላ ነው። አሜሪካኖች ስለ ማጅራት ገትር መጀመሪያ የተማሩት ከተማሪ ሳይሆን ከወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ በፎርት ኦርድ የጦር ሰፈር በሽታው ተነሥቶ የምልምሎች ሥልጠና እስኪቋረጥ ድረስ አድርሷል። የጦር ሠራዊቱ ሐኪሞች ሲደክሙበት ቈይተው ከ1971 ጀምሮ ምልምሉን ሁሉ መከተብ ያዙ። ተማሪም በዚህ ረገድ ከምልምል ብዙ አይለይም፤ ከየሀገሩ ተሰብስቦ ባንድ አዳራሽ ይተኛል። በ2005 የሀገሪቱ የክትባት አማካሪዎች ለወጣቶችና በኮሌጅ መኝታ ቤት ለሚያድሩ ጀማሪዎች አዲሱን ክትባት መከሩ። እንግሊዞችም በ2015 «ደብልዩ» ቢያስቸግራቸው ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን ወጣቶች አራቱን ዓይነት በሚከላከል ክትባት መከተብ ጀመሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ «መከሩ» እና «አዘዙ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ። የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 መባቻ ወዲህ የተወለደ የኮሌጅ ተማሪ ሁሉ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን የሚከላከል ክትባት ማግኘቱን ማስረዳት ግዴታው ነው። ማጅራት ገትርን በሚመለከት ግን ኮሌጁ ስለ በሽታውና ስለ ክትባቱ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ተማሪው መከተቡን ወይም ላለመከተብ መወሰኑን ፈርሞ ይመልሳል። በአንዱ ይገደዳል፤ በሌላው ይመከራል። ነገር ግን በሁለቱም ይጠየቃል። የእኛ ተማሪ የጐደለው ይህ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም።

ጥያቄው ምን ያህል ድንገተኛ እንደሚሆንበት የሚያውቀው ባሕር ማዶ የተላከው ነው። ወደ አሜሪካ ለትምህርት የሚሄድ የአዲስ አበባ ልጅ ከኮሌጁ የጤና ፎርም ሲደርሰው እናቱ ያስቀመጠችውን ካርድ ደስ ብሎት ያቀርባል። «በዘጠኝ ወርህ የተወጋኸው አይቈጠርም» ይሉታል፤ እነርሱ ዘንድ ከመጀመሪያው የልደት ቀን በፊት የተሰጠ የኩፍኝ መርፌ ዋጋ የለውምና። የእኛው መርፌ ደግሞ የኩፍኝ ብቻ ነው፤ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ አልነበሩበትም። ስለዚህ ቢያንስ 28 ቀን እያራራቀ ሁለት ጊዜ ይከተባል ወይም ደሙ ተመርምሮ መከላከያ እንዳለው ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ሌላ ጣጣ አለው። በሕፃንነታችን ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን የቢሲጂ ክትባት በቆዳ የሚደረገውን ምርመራ ሊያሳስተው ስለሚችል ጤነኛው ልጅ «አለብህ» ተብሎ ይደነግጣል። ይህን የመሰለ ነገር የገጠመው ተማሪ በክትባቱ የማይታለለውን የደም ምርመራ ይጠይቅ። የዲቪ ዕድል ደርሶት የሚሄደው ሰው ከዚህ ሁሉ በከፊል ይድናል፤ ለመኖሪያ ቪዛ የሚያስፈልገው የጤና ምርመራ ክትባትን ስለሚጨምር ጉዳዩን እዚሁ ጨርሶ ካርዱን ይዞ ይሄዳል። የተማሪ ቪዛ ግን ይህን ስለማይጠይቅ ልጁ ደርሶ ሲያበቃ ኮሌጁ በር ላይ ይጀምረዋል።

ስለ ካርድ ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። «ከተበ» ማለት በጥንቱ አነጋገር ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። ክትባትም እንግዲህ በሥጋ ላይ የሚጻፍ ጽሕፈት መሆኑ ነው። እኛ በሥጋ ላይ የተጻፈውን በወረቀት ላይ መጻፉን ችላ ብለነዋል። ብዙ እናቶች ካርዱን የሚያስቀምጡት ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ሲቀየር፣ ሣጥን ሲራገፍ፣ ይጠፋል። የእኔው ካርድ የተገኘው ከውኃና ከመብራት ደረሰኞች መካከል በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ የኩፍኙ ቀን በእርጥበት ደብዝዞ ዓመቱ ብቻ ይነበባል። እንዲያም ሆኖ እናቴ ከብዙዎች የተሻለች ጠንቃቃ ነበረች።

ምን ይደረግ ለሚለው አሳቤን ልግለጥ። አዲስ ገቢ ሁሉ የክትባት ካርድ እንዲያቀርብ ይታዘዝ። ሁለት ጊዜ የኩፍኝ ክትባት ማግኘቱን የማያስረዳ ይከተብ፤ በመኝታ ቤት የሚያድር የማጅራት ገትር ክትባት ያግኝ፤ ይኸኛው በመቀነቱ ውስጥ ካሉት ከምዕራቡ ዩኒቨርሲቲዎች ቢጀመር ይበጃል። ለሕክምና፣ ለነርስነት፣ ለአዋላጅነትና ለላቦራቶሪ ተማሪዎች ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ምክር ሳይሆን ግዴታ ሊሆን ይገባል። እነዚህ ልጆች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመታቸው መርፌ ይዘው ሕመምተኛ ፊት ይቆማሉ። እጃቸው ገና ይንቀጠቀጣል፤ ሲወጉ ራሳቸውን ይወጋሉ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ስለሚሰጥ ሐኪም ቤት በሚገቡበት ዋዜማ ቢያስቡት ጊዜው አልፏል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪንም አልረሳውም፤ የውሻ በሽታ በሀገራችን ባለበት ጊዜ ያለ መከላከያ ውሻ እንዲመረምር መላክ ደግ አይደለም። የቴታነስ ማጠናከሪያ ለሁሉ፣ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ደግሞ በ14 ዓመታቸው ትምህርት ቤት ሲሰጥ ላመለጣቸው ሴቶች ልጆች ቢመከር በቂ ነው። ለሁሉም ነገር ግዴታ ማብዛት ሁሉንም ያረክሰዋል።

ይህን ስጽፍ የሚመጣብኝ ወቀሳ ይታየኛል። «አንድ የገበሬ ልጅ በስንት ድካም ፈተና አልፎ ካርድ ስለሌለው ከበር ሊመለስ ነውን?» የሚል አንባቢ አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ካርድ ከሌለው የሚመለስ ከሆነ ሕጉ ባይወጣ እመርጣለሁ። በእኛ ሀገር ወረቀት ብቻ በተጠየቀበት ቦታ ሁሉ ወረቀት ብቻ ይቀርባል፤ ማኅተሙም በማተሚያ ቤት ጓዳ ይቀረጻል። በኮሮና ጊዜ ያየነው ነው። የምለው እንዲህ ነው፤ ስም በሚመዘገብበት ጠረጴዛ አጠገብ አንዲት ነርስ የበረዶ ሣጥኗን ይዛ ትቀመጥ። ካርድ ያለው ያሳይ፤ የሌለው ክንዱን ይስጥ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ጉዳይ ነው። በኩፍኝ ቀድሞ የተከተበ ሰው ሳያውቅ ደግሞ ቢከተብ ጉዳት የለበትም፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ሁሉ ያለ ሥጋት ሊወጋ ይችላል።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ። ክትባት እንደ ተወጉት ወዲያው አይሠራም፤ ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በበር ላይ የተከተበ ልጅ የኖቲንግሃሞቹን አራት ቀኖች ሳይጠበቅ ያሳልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከ12ኛ ክፍል ቢጀመር ይመረጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ተፈታኞቹም ለቀናት በመኝታ ቤት ሲያድሩ አይተናል፤ ይህን ያህል ሕዝብ ማጓጓዝና ማሳደር የተቻለው መንግሥት ከጉዞው አስቀድሞ በየትምህርት ቤቱ አንድ የክትባት ቀን ማዋል አያቅተውም። ጤና ሚኒስቴርና ትምህርት ሚኒስቴር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ የሚያልቅ ነገር ነው።

ገንዘቡስ? የኩፍኙና የቴታነሱ ክትባት በየጤና ጣቢያው ዱሮም ያለ ነው። የማጅራት ገትሩ አዲስ ክትባት ገንዘብ ይጠይቃል፤ አልክድም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ ተብሎ የዩኒቨርሲቲ በር ሁሉ ሲዘጋና ተማሪው በየአውቶቡሱ ወደ ቤቱ ሲበተን የባከነው ጊዜና ገንዘብ ግን ለማንም የተሰወረ አይደለም። ያን ጊዜ ክትባቱ በዓለም ላይ ስላልነበረ ማንንም አንወቅስም። የማጅራት ገትሩና የኩፍኙ ግን አለ።

መርፌ መካንነት ያመጣል የሚለውንም ወሬ ሰምቻለሁ፤ የተማረው ሰው ጭምር በሹክሹክታ ይናገረዋል። ለዚህ መልስ የሚሆን የሽማግሌ ምስክር በየቤቱ ሞልቷል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ አባቶችና እናቶች ክንዳቸውን ቢገልጡ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ይታያል። በእነዚያ ክንዶች የተነሣ የሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሆነ። ባለ ጠባሳዎቹም የእኛ ወላጆችና አያቶች ናቸው።

ትእዛዙ እስኪወጣ ድረስ ግን ወላጆች የሚጠብቁት ነገር የለም። ልጃቸው ምደባ የሚጠባበቅ ሁሉ በዚህ ሳምንት ሣጥናቸውን ይፈትሹ። ካርዱ ከተገኘ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ዋናው ከ8ኛ ክፍሉ የምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። ካልተገኘ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና የኩፍኝና የቴታነስ ክትባት እንዲሰጠው ይጠይቁ፤ በአዲስ ካርድም ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱና የክትባቱ ስም ተጽፎ ማኅተም ይመታበት። ነርሷ «ትልቅ ሰው አንከትብም» ብትል እንኳ ቶሎ አይመለሱ፤ ኀላፊውን ያነጋግሩ።